ሁለቱ ጥቁር አፈሮች

ባለፈው ሳምንት ከቀይ አፈር ከተማ ወደ ጂንካ ስመለስ የሚኒባሳችን ጎማ ተንፍሶ ከአንድ የበቆሎ ማሳ አጠገብ ቆምን። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ሲፈልግ እኔ ወደ ማሳው ጠጋ አልኩ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው እሳት የላሰው ይመስል ደርቋል። የአፈር ምርመራ ሥራ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ዓይኔ ግን አልተወውም። ይህ መሬት ፖታሲየም ሳያንሰው አይቀርም ብዬ ሳስብ እትዬ አስቴር ትዝ አሉኝ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ጂንካ ግብርና ቢሮ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ለገበሬው ስለ ማዳበሪያ ከማውራታችን በፊት መሬቱ ምን እንዳለው እንወቅ ተባለና፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች የአሪ መንደር ከሦስት ቦታ አፈር እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ ከደን፣ ከእንሰት ጓሮና ከበቆሎ ማሳ። ጓሮውም ማሳውም የእትዬ አስቴር ነበር፤ ደኑ ከማሳቸው ጀርባ ይጀምራል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን ብቻቸውን የያዙ፣ አማርኛን ቀስ እያሉ የሚናገሩ ሴት ናቸው። አፈሩን ቆፍሬ ስጨርስ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በሚጥሚጣ አበሉኝ። የዚያ ትኩስ ቦዬ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ግንቦት ነበርና ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የጂንካ መንገድ ያኔ ሲዘንብ ጫማ ይነጥቅ ነበር። ቢሮ ደርሼ አፈሩን የያዙትን ፌስታሎች ስፈታ፣ የየቦታውን ስም በሚያምር ሰማያዊ ቀለም የጻፍኩባቸው ወረቀቶች ታጥበው ነጭ ሆነዋል። ቀዩ አፈር የበቆሎው እንደሆነ ግልጽ ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን እኩል ጥቁር ናቸው።

አለቃዬ አቶ ጌቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። ናሙናው በማግስቱ በአርባ ምንጩ አውቶቡስ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ ነበረበት። ሁለቱንም በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ለስለስ ያለውን ወደ እኔ ገፉት።

«ይሄ የደን ነው። ከደን የሚበልጥ አፈር የለም። ጻፊበት።»

ጻፍኩበት። ቤቴ ገብቼ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ለስንት ገበሬ ምን ሊነገር እንደሚችል ሳስበው ጭንቅ አለኝ። ጎህ ሲቀድ ሁለቱን ፌስታሎች ተሸክሜ በጭቃው ተመለስኩ።

እትዬ አስቴር ታሪኬን ሰምተው አልሳቁብኝም። ከለስላሳው አፈር ቆንጥረው በመዳፋቸው አሹት። መሐሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የከሰል ፍርፋሪ ነበረች።

«ይሄ የኔ ጓሮ ነው» አሉ። «አመድ እኔ ነኝ የምደፋው። በየቀኑ። ደን ውስጥ ማን አመድ ይደፋል?»

አመንኳቸው። ቢሆንም በእሳቸው ቃል ብቻ ልጽፍ አልፈለግኩም፤ ይህንንም ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ቅር አላላቸውም። ዶማቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ፤ ሦስቱንም ቦታ እንደ አዲስ ቆፈርን። በዚህ ጊዜ በእርሳስ ጻፍኩ። ቢሮ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል፤ ናሙናው በሚቀጥለው ተላከ። አቶ ጌቱ ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላነጋገሩኝም።

ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ብዙ ፖታሲየም የተገኘው ከጓሮው ነበር፤ ደኑ ተከተለ፤ የበቆሎው ማሳ መጨረሻ ሆነ። ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ነው። ከማሳው እሸቱም አገዳውም በየዓመቱ ይወሰዳል፤ ጓሮው ግን የከብቱን አዛባ፣ የምድጃውን አመድና የቤቱን ጥራጊ ሲቀበል ይኖራል። በአለቃዬ ግምት ሄደን ቢሆን የእትዬ አስቴር ልፋት ለደኑ ይቆጠር ነበር።

አቶ ጌቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የሴትየዋ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በሳምንቱም ሌሎች ባለሙያዎችን ይዘው ሄዱ። እትዬ አስቴር እንግዶቹን በጓሯቸው እያዞሩ፣ አመዱን ከአዛባ ጋር ቀላቅለው ከእንሰቱ ሥር እንዴት እንደሚያስገቡ ሲያሳዩ እኔ ከኋላ ሆኜ ማስታወሻ እይዝ ነበር። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ጓሮውን ልጃቸው ይዛዋለች፤ እሳቸው አርጅተዋል፤ ስሄድ በድምፄ ይለዩኛል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ምን እንዳልኩ ረስቻለሁ። የዚያችን የአንድ ገጽ ውጤት ግን እያንዳንዱን መስመር አስታውሳለሁ፤ ከሥሯ በናሙና ሰብሳቢነት ስሜ በመኖሩም ዛሬም ደስ ይለኛል።