በሬዲዮ የጠራናቸው

ከቢዮ አዋሌ መንደር ወዲያ አንዲት ራሰ በራ ኮረብታ አለች። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ካርታችን ላይ ቁጥር ብቻ ነበራት። በደርግ ጊዜ፣ ከሶማሌ ጦር ጋር ስንዋጋ፣ ከሁርሶ ማሠልጠኛ በወጣን በወሩ፣ «ከሥሯ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ያዙ» ተባልን።

እኔ የመቶ ጦራችን ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጀግና አይደለሁም፤ ሬዲዮው ስለሚከብደኝ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርኩ።

ጉድጓዱን ጠላት ይዞታል። ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴ ተመለስን፤ ሁለት ሰው ሞተብን። ሁለት ቀን ውሃ አልቀመስንም። ጓደኛዬ በላቸው ምላሱ አብጦ መናገር አቅቶታል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የጠላትን የሬዲዮ ሞገድ አገኘሁት። በሶማልኛ ያወራሉ። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ብሆንም ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሶማሌ ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጥኩ ነው ያደግሁት። ቋንቋውን እንደምችል መቶ አለቃችን ያውቃል።

«አለቃቸውን መስለህ ጥራቸው» አለኝ። «ጉድጓዱን ለቃችሁ በሸለቆው ውረዱ በላቸው።»

ሸለቆው አፍ ላይ መትረየሳችን ተጠምዷል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ቁስለኛ አለን እያሉ ነው።»

«እኛስ?» አለና በላቸውን አሳየኝ።

ድምፄን አጎርንኜ አዘዝኳቸው። ሬዲዮ የያዘው ሰውዬ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «እሺ፣ አላህ ይጠብቅህ» ብሎ ዘጋ።

ወረዱ። ከፊት ያሉት ቃሬዛ ተሸክመዋል። መትረየሱ ተተኮሰ። ከዚያ ውሃ ጠጣን። በላቸው ዳነ። ምን ልዋሽ፣ ውሃው ጣፈጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳዎቹን እኔ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው። አራቱ መሣሪያ አልያዙም።

ባለፈው ሰሞን ሕግ የምትማረው የልጄ ልጅ ሰላም፣ «አባባ፣ አንድ አገር የሌላውን ኮምፒውተር ሰብሮ ገብቶ የሆስፒታል መብራት ቢያጠፋ፣ ጥይት ሳይተኮስ ጥቃት ይባላል?» አለችኝ። ይህን ነገርኳት። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በጦርነት ጠላትን ማታለል አይከለከልም» አለች። «ቃሬዛ ተሸካሚን መምታት ግን ክልክል ነው። የዛሬው የኮምፒውተር ጥቃትም እንደዚያው ነው፤ በምን መታህ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ላይ ምን አደረስክ ነው የሚባለው። የሚያስቸግረው ማን እንዳደረገው ማወቁ ነው።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ሸለቆ የተረፈ ካለ፣ እስከ ዛሬ የገዛ አለቃው የጠራው ይመስለዋል። ያ መቶ አለቃም ሞቷል፣ በላቸውም ሞቷል።

«እና ማስረጃ ከሌለ ማን ይጠየቃል?» አለች፣ ደብተሯን እያየች።

«እኔ አለሁ» አልኳት።