ብረት የሚያስነካ ስም

«እሹሩሩ፣ ጀልባው መጣ፣
ሸራው በማለዳ ነጣ፣
አባትሽም ከማዕበል ወጣ…»

ኤልስፔት እዚህ ስትደርስ የቀረው ስንኝ ይጠፋባታል። እናቷ ስትዘፍንላት ሁልጊዜ እዚህ ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበርና ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቀው ዜማውን ብቻ ነው። እሱን በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች፣ የዛጎል ሥጋ ከመንጠቆ መንጠቆ ትሰካለች። የዓሣ ማጥመጃውን ገመድ ማሰናዳት የልጇ የኤፊ ሥራ ነበር፤ ኤፊ ግን አራስ ናት። ውኃውን የቀዳች፣ ጨርቁን የቀቀለች፣ ድንቹን የጣደች ኤልስፔት ናት። ጨው የሰነጠቃቸው ጣቶቿ ከማቃጠል አልፈው ደንዝዘዋል።

ወደዚህ የስኮትላንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣችው በጋብቻ ነው፣ ከላይኛው የገበሬ አገር። የአባቷን ቤት ስም ሠርጓ ዕለት፣ ጭቃ እንደነካው ጫማ፣ ከደጅ አውልቃ ገባች። ያ ስም ገደ ቢስ ነው ተብሎ እዚህ አይጠራም። የሰማው አጥማጅ ያን ቀን ባሕር አይወጣም፤ ከሰው አፍ ካመለጠም ሁሉም ክፉውን ለማራቅ ተንደርድሮ ብረት ይነካል። እሷም ስሙን ዋጠችና ኖረች። ዘንድሮ በጸደይ ግን ጫማ ሰፊው ወንድሟ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ከእሱ በኋላ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አልቀረም።

በአገሩ ወግ ሕፃን በስሙ መካከል ከእናቱ ወገን አንድ የቤተሰብ ስም ይሸከማል። ኤልስፔት የተመኘችው ይህችን ብቻ ነበር፤ ስሙ ማንም በማይጠራበት ቦታ፣ በሁለት ስም መካከል እንደ ገለባ ተወሽቆ እንዲኖርላት።

ነገ እሑድ ክርስትና ነው። አማቿ ዶድ፣ የኤፊ ባል፣ የልጁን ስም ለቄሱ መስጠት አለበት። የዶድ እናት ቤላ ለዚሁ መጥታ ወንበሩን ይዛለች።

«ጆርጅ ነዋ፣ እንደ አያቱ» አለች ቤላ። «መካከሉን ማን እንበለው?»

ኤልስፔት ቀና ሳትል፣ «የወንድሜን ስጡልኝ» አለች። «ሮስ።»

ቤላ ዘላ የምድጃውን የብረት በር ጨበጠች። ዶድም የቦት ጫማውን ምስማር ፈልጎ ነካ።

«ብረት! ብረት! አንቺ ሴትዮ፣ ለይቶልሽ አበድሽ? ልጄ ሰኞ ባሕር ወራጅ ነው!»

«ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልኩ፣ ቤላ።»

«ያመጣሽው ጸባይ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም አበላሸሽው! በዚህ ስም የተጠራ ልጅ ማን ጀልባ ላይ ያወጣዋል?»

«መካከል ነው እኮ ያልኩት። ማን ይሰማዋል?»

«ባሕሩ!»

ኤልስፔት የምትከራከርበት ጉልበት አልነበራትም። «እሺ፣ ተዪው» ብላ ወደ መንጠቆዋ ተመለሰች።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከአልጋው፣ ኤፊ ተናገረች።

«እማማ ቤላ፣ የትኛውም ጀልባ አያወጣውም ነው ያሉት?»

«የትኛውም!»

«ማዶ ደሴቶቹም ጋ?»

«እዚያማ ይብስባቸዋል!»

«እንግዲያው መካከል አይበቃውም። ከፊት ይሁን። ሮስ በሉት።»

ሕፃኑ እንደ አልጋ በተኛበት የዓሣ ቅርጫት ውስጥ አንድ ጊዜ አስነጠሰ።

«ጀልባዋስ፣ ኤፊ?» አለ ዶድ ቀስ ብሎ። «የአባቴ ጀልባ ለማን ትቀራለች?»

«ላንተ። አብራችሁ አርጁ። ባሕሩ አባቴን ወሰደው። ወንድሜን ወሰደው። እማዬ ወደቡ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ቀሚሷን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ ጫማ ይስፋ፣ በግ ይሸልት፣ የፈለገውን ይሁን። ደረቅ መሬት ላይ ይሁን።»

ቤላ ሻርፗን እያጣፋች ተነሳች። «ሰኞ ማን አብሮህ እንደሚወጣ አያለሁ፣ ዶድ!» በሩ ከኋላዋ ተላተመ።

የዶድ እጅ ወደ ምድጃው በር ሄደች። ሳትነካው ቆመች፣ ተመልሳም ሕፃኑ ደረት ላይ አረፈች።

«ሮስ» አለ፣ የሚፋጅ ድንች እንደጎረሰ ሰው። ከዚያ ለራሱ፣ «ለሰዎቼ ምን እላቸዋለሁ?»

ኤልስፔት ይህን ስም በዚህ ቤት ከሰው አፍ የሰማችበት ቀን ደስታ ያሰክራታል ብላ ታስብ ነበር። የመጣላት ግን የጉልበቷ ሕመም ነው። ወንድሟ እንደ ዘፈን እንዲጠራላት ተመኝታ፣ እንደ አጥር ተተከለላት። ቢሆንም ቆሟል።

ዶድ መንጠቆውን ከእጇ ወሰደ። «የቀረውን እኔ እሰካለሁ፣ እማማ። እርስዎ ይቀመጡ እባክዎ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ቤላ የተወችው ወንበር ገና አልቀዘቀዘም። ኤልስፔት ተቀመጠችበት፣ ሳህኑን ሳበች፣ የድንቹን ልጣጭ በአውራ ጣቷ ገፈፈች፣ ጨው ነሰነሰችበትና ጎረሰች።