ከማተቡ ጋር ያንጠለጠለው

በብርዳማዋ መሐል ሜዳ ከተማ፣ በአንድ የመሬት ይዞታ ቢሮ ውስጥ፣ የአገሩን ሁሉ መሬት መዝግቦ የያዘ ሰርቨር አለ። ሰርቨሩ እንዳይሞቅ መስኮቱ ተከፍቶ ይውላል፤ የሚጠብቀው ሰውዬ ግን የበግ ጠጉር ባና ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ስሙን አልጠየቅሁትም። ትእዛዝ ጽፎ ከመላኩ በፊት ያማትባል። "ይሄ ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም፣ ከማጥፋቱ በፊት እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅማ!" ይላል።

ዛሬ ጠዋት ዳታቤዙ ተበላሽቶ አገሩ ሁሉ መሬት አልባ ሆነ። የቆምንበት ሰልፍ ሲንጫጫ ሰውዬው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ከማተቡ ጋር ያንጠለጠለውን ፍላሽ አወጣ፤ የዳታቤዙን ቅጂ የሚያኖረው እዚያ ነው። ከፊቴ የነበሩት እማማ አመተሥላሴ መስቀል መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "አሳልመኝ ልጄ" አሉት።

አሳለማቸው። ከኋላ ያለነውም ተራ በተራ ተሳለምን፤ ፍልስፍና የተማርኩት እኔ ጭምር። የእኔም ማሳ እዚያው ውስጥ ነበርና።

ቅጂው ሲጫን መሬታችን ተመለሰ። የእማማ መሬት ግን ከሟች ባላቸው ጋር ተመለሰ።

"አቶ ወልደ ጻድቅ በሕይወት አሉ ይላል" አላቸው ሰውዬው። "ቅጂው ከቀብሩ በፊት የተያዘ ነው። ላጥፋቸውና መሬቱን በስምዎ ብቻ ላድርገው?"

እማማ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

"ምን አስቸኮለህ? ተዝካሩ እስኪወጣ ይቆይልኝ።"

ሰውዬው እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ፍላሹን ወደ ደረቱ እየመለሰ፣ "እኔም የአምናውን ቅጂ ያላጠፋሁት ለዚሁ ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ "ቀጣይ!" ብሎ ጠራኝ።