ፊናንሱ የፈተሸውና የፈለገው

በክፍላችን እንግሊዝኛ ሲሆን እጅ የሚያወጡት የታወቁ ናቸው፤ እኔ አንዷ አልነበርኩም። ቤታችን የሚወራው ሶማልኛ ነው። አማርኛን የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጣላሁ ነው። እንግሊዝኛ ልናገር ስነሣ ደግሞ የእናቴን ሱቅ እያነሡ ከኋላ «መጣችላችሁ የሱቋ!» ይሉኛል።

አንድ ቀን ህንዱ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ሰርች» እና «ሉክ ፎር» ብለው ጻፉ። ልዩነታቸውን ያስረዳ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያነባል አሉ። ያንን መድረክ እንዴት እንደምመኘው! እናቴ፣ ሆዮ ነው የምላት፣ ትምህርት ቤቱን ከአጥሩ ውጪ እንጂ አይታው አታውቅም።

የክፍሉ አንደኛ ብድግ አለ። «ሰር፣ ሁለቱም መፈለግ ነው። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ይላል።»

«ቁጭ በል።»

እጄ እኔን ሳያማክር ወጣ። እንግሊዝኛዬን እየሰባበርኩ እንዲህ አልኩ፦ «ሰር፣ እናቴ ከጅቡቲው ባቡር ስትወርድ የጉምሩኩ ፊናንስ ጓዟን ሰርች አደረገ። ሉክ ፎር ያደረገው ግን ጨርቅ ነው። ሰርች እጅ ለሚገባበት ነው፤ ሉክ ፎር በልብ ለታሰበው ዕቃ ነው። ጓዙማ ፊቱ ተቀምጧል፣ ምን ብሎ ይፈልገዋል?»

ከፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ዞር አለች። «እንዴ፣ ፊናንሱ አባቴ ነው እኮ! ጨርቁን አገኘው?»

«አላገኘም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «መድረኩ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። የእናቴን ገበና ለፊናንስ ልጅ! ፈራ ተባ እያልኩ ሁሉንም ነገርኳት።

ሆዮ አምባሮቿን እያሽከረከረች ሰማችኝና «ማግኘትን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» አለች።

«ፋይንድ።»

«ወላሂ፣ ይቺን ቃል ለዚያች ልጅ እንዳታስተምሪያት!»

በወላጆች ቀን ቢጫ አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ ለብሼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጨርቁ ፊናንሱ ጓዟን በፈተሸ ዕለት ሆዮ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ የገባው ነው። ፊናንሱ ከፊተኛው ወንበር ትክ ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ሳልስት አነበብኩ፤ እሱም እንደ ሌላው ወላጅ አጨበጨበ። ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላ ግን ከኋላ የአንዲት ሴት አምባሮች ገና ይንቃጨሉ ነበር። ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ ሆዮ ናት።