የደበቅኩት ፍላጻ

በቀስት ማደን ያስተማረኝ ሰው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የማሞቂያና የኤሲ ጥገና ሠራተኛ ነው። አሜሪካ እንደገባሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት ተጋርተን ኖረናል። በኋላ እኔ አገባሁ፤ እሱም አግብቶ ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ። በዕድሜ ስምንት ዓመት ያህል ቢበልጠኝም አንተ ተባብለን እንደ እኩያ ነበርን።

ትዳሩ ሲፈርስ ቅዳሜና እሁድ የሚሄድበት ጠፋው። በዚያ ሰሞን ማሞቂያ ሊጠግን የሄደባቸው አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው በዕድሜ የገፉ ሴትዮ፣ አጋዘኖች አትክልታቸውን እየጨረሱ እንዳስቸገሯቸው ነገሩት። ከጓሯቸው ኋላ እስከ ጅረቱ የሚወርድ ጫካ አላቸው። እሱ በቀስት ማደንን ከአንድ የሥራ ባልደረባው ተምሮ ነበርና ፐርሚሽን ጠየቃቸው። ጽፈው ፈርመው ሰጡት። ያችን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ ከላይሰንሱ ጋር በደረት ኪሱ ይዟት ይዞር ነበር።

የሚገርመው ሥጋውን አይበላም። ቢላ ሳይደርስባቸው ስለሚሞቱ በክት ነው ይላል፤ ለሴትዮዋና ለሥራ ጓደኞቹ ነው የሚያከፋፍለው። አንድ ቀን «ታዲያ ምን ይሁነኝ ብለህ ታድናለህ?» አልኩት።

«ከስልክና ከፍርድ ቤት ወረቀት የምገላገለው እዚያ ዛፍ ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው» አለኝ።

ይሄ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥሮቹ ውስጥ ነው። አንዱን በጋ ሙሉ ቀስት ሲያስወጥረኝ ከረመ። ሣር በታጨቀበት ጆንያ ላይ እያስወረወረ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ከሃያ እርምጃ ካለፈች ተዋት። ከመታሃት ደግሞ የት ጋ እንደመታሃት ሳታውቅ አትከተላት።» ሳንባዋን የተመታች አጋዘን ሩቅ ሳትሄድ ትወድቃለች። ሆዷን የተመታች ግን ካልነኳት እዚያው ቅርብ ቦታ ትተኛለች፤ ግማሽ ቀን ጠብቆ ነው መሄድ። ቶሎ ከተከተሏት ያላትን ጉልበት ሁሉ አሰባስባ ትነሣለች፣ ስቃይዋም ይረዝማል። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለት የአደን ወቅት ባዶ እጄን ተመለስኩ። እሱ ምንም አላለኝም። ፎልስ ቸርች ምግብ ቤት ስንገናኝ ግን ጓደኞቻችን «እሺ አዳኙ፣ ዘንድሮስ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ይዤ ወደ ቨርጂኒያ የሚወስደውን ድልድይ ተሻገርኩ። ለጫካው ሁለት ማማ ሠርቶለታል፤ ማማ የምለው ዛፍ ላይ በቀበቶ የሚታሰር መቀመጫ ነው። እሱ ጅረቱ ዳር ካለው ወጣ፣ እኔ ከላይኛው። ሥራ የምገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንዲት እንስት አጋዘን ብቻዋን መጣች። ከሠላሳ እርምጃ በላይ ትርቃለች። ጎኗንም አልሰጠችኝም፤ ደረቷን ወደ እኔ ገደድ አድርጋ ነው የቆመችው። እንደማይሆን አውቄያለሁ። ወጠርኩ፣ ለቀቅኩት።

ድምፁ ደነዝ ያለ ነበር፣ እርጥብ ጆንያ እንደመታ በትር። አጋዘኗ አልፈረጠጠችም። ጀርባዋን አጉብጣ፣ ቀስ እያለች፣ እንደታመመ ሰው ሄደች።

ወርጄ ፍላጻውን አገኘሁት። በስቷት አልፎ አፈር ላይ ተሰክቷል። ደም ጥቂት ነበረበት፤ የቀረው አረንጓዴ ንፍጥ ነገር ነው። አነሣሁና አሸተትኩት። በዓል በመጣ ቁጥር በግ ሲታረድ ያየ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም። ፈርስ ነው። ሆዷን ነው የመታሁት።

ያኔ ደውዬ እንዲህ ሆነ ብለው ኖሮ «ደህና፣ ውረድና ቡና እንጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ እንመጣለን» ይለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አይናገረኝም። እኔ ግን ከሠላሳ እርምጃ ላይ ለምን ወረወርክ እንዲለኝ አልፈለግሁም። ለሥራም መቅረት አልፈለግሁም። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዋ አጋዘኔ እንዲህ ያለች እንድትሆን አልፈለግሁም። ፍላጻውን ከአንድ የበሰበሰ ግንድ ሥር አስገብቼ ቅጠል አለበስኩት። እጄን በእርጥብ ቅጠል ጠራረግሁ፤ ከዚያ ደወልኩለት።

እየሮጠ መጣ። «የት ጋ?»

«ከትከሻዋ ኋላ፣ ሳንባዋን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ።»

«ፍላጻውስ?»

«ይዛው ሄደች።»

አቀፈኝ። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለ፤ ከእኔ በላይ የተደሰተው እሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ሰጠኝ።

ከዚያ ዱካዋን ያዝን። እሱ ደሙን እንዳይረግጥ በጎን በኩል ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ ጠብታ ባገኘ ቁጥር ሶፍት እየቀደድኩ ምልክት አኖራለሁ። የሜፕል ዛፉ ቅጠል ራሱ ቀይ ነው፤ ደሙን ከቅጠሉ ለመለየት ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይነካዋል። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ የሶፍቱን ሰልፍ አየ።

«ለሳንባ ይሄ ደም አነሰኝ» አለ።

«ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ይሆናላ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና አመነኝ።

ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን ካለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ አለች። ተኝታ ነበር። ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዳ ጅረቱን በውሃ ውስጥ ተሻገረች። እሱ የተኛችበት ቦታ ላይ ተንበረከከ። ጥቁር ደምና አረንጓዴ ነገር መሬቱ ላይ ነበር። ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

«ይሄ ፈርስ ነው» አለ፤ ከዚያም ጣቱን ሳይጠርግ ዞረ። «ፍላጻውን አይተኸዋል?»

እጄ ላይ የቀረውን ሶፍት አየሁ።

«አይተኸዋል።» ሁለተኛው ጥያቄ አልነበረም።

ሳይጮህ ተነሣ። ሌላ ከማለቱ በፊት ከጅረቱ ማዶ ሴት ስትጮህ ሰማን። ተሻግረን ስንወጣ አጥር ገጠመን፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ቤት ጓሮ ነው። አጋዘኗ አጥሩን ለመዝለል ከየት ጉልበት እንዳመጣች አላውቅም። ሣሩ ላይ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎጆ አጠገብ ተጋድማለች፤ አንገቷ ግን ገና ቀና እንዳለ ነው። የቤቱ ባለቤት ጋዋን እንደለበሰች በረንዳ ላይ ስልክ ይዛ ቆማለች።

ጓደኛዬ ቀስቱን መሬት አኖረ፣ ቢላውን ፈትቶ ከጎኑ አስቀመጠ፣ ሁለት እጁን አነሣ። ሁለት ጥቁር ሰዎች፣ የጫካ ልብስ ለብሰን፣ ከሰው አጥር ሥር። በእንግሊዝኛው ቀስ ብሎ፣ ገብቶ ስቃይዋን እንዲያሳጥርላት እንድትፈቅድለት ለመናት።

«አንድ እርምጃ እንዳትገቡ! ፖሊስ ጠርቻለሁ!» አለች። አልፈርድባትም።

ቆመን ጠበቅን። አጋዘኗ ልትነሣ ትሞክራለች፤ የፊት እግሮቿ ይቆሙና የኋላዎቹ ይከዷታል። መልሳ ትወድቃለች። በሦስተኛው ፊቴን አዞርኩ።

«ዞር በልና እያት» አለኝ፤ በዚያ ቀን የተቆጣኝ በዚህች ብቻ ነው።

አየኋት። ምላሷን አውጥታ ትተነፍሳለች። የእኛን ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ታዞራለች።

ፖሊሱ መጥቶ ወረቀቶቻችንን አገላበጠ። «ማነው የወጋት?» አለ። አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱን ልናገር ነበር ብዬ ዛሬም ራሴን አጽናናለሁ።

ጓደኛዬ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ» አለ።

ፖሊሱ አጥሩን አልፎ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰባት። ሬሳዋን በኋላ የካውንቲው መኪና ወሰደው።

ስንመለስ ፐርሚሽኑን የሰጡት ሴትዮ በራቸው ላይ ጠበቁን። ጎረቤታቸው ደውላ ነግራቸዋለች። እሱ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ፣ እኔ መኪናው አጠገብ ቀረሁ። «አምኜህ ነበር» ሲሉት ሰማሁ። ወረቀታቸውን እንዲመልስላቸው ጠየቁት። ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ከፕላስቲኩ አውጥቶ፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አሥር እርምጃ ሄጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ማማዎቹን ፈታታን። ዕቃውን ጭነን ስንጨርስ «ለምን እኔ ነኝ አልክ?» አልኩት።

«ያመጣሁህ እኔ ነኛ።» የመኪናውን የኋላ በር ዘጋ። «መሳት ያለ ነው፤ እኔም ስቻለሁ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ግን እዚያው በተኛችበት ትሞት ነበር። በእኔ እግር ነው ያሳደድካት።»

ለሥራዬ በሰዓቱ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ስደውልለት ያነሣል። «ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው?» ይላል፣ እንደማንም ሰው። ሌላ የሚያድንበት ቦታ አልፈለገም። የተፈጠረውን ሲጠይቁትም «ሆዷን መታኋትና ቸኮልኩ» እያለ በራሱ ላይ ያወራል አሉኝ። ከዓመታት በኋላ፣ አንድ እሁድ አናንዴል ሰርግ ላይ፣ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው «ያ አዳኝ ነኝ ባይ ጓደኛህ ሰው ጓሮ ውስጥ አጋዘን አስጨርሶ አዋረደን እኮ!» ብሎ ሲስቅ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ቤቱ ሄድኩ። ሻይ አፈላልኝ። ፐርሚሽኑን የሰጡት ሴትዮ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ልነግራቸው እንደወሰንኩ ነገርኩት።

«ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሌላ ስቴት ሄደዋል» አለኝ። «ዓመት አለፋቸው።»

«ለሌሎቹ ልንገራቸዋ።»

«ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል?» አለና ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ለእኔ ያኔውኑ ነበር መንገር።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ነበር። እስኪያልቅ አብረን አየን፤ ማን ከማን እንደተጫወተ እንኳ አላስታውስም። ሲያልቅ እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ፤ ለሚስቴ ሰላምታ ላከ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሄጄ አላውቅም፤ እሱም ለምን ጠፋህ ብሎኝ አያውቅም።