ገመድ ያዡ እጁን ሲያነሳ

ኃይለየሱስ ከምጽዋ ባሕር ኃይል ጠላቂነት ተሰናብቶ ናዝሬት የገባ፣ አዋሽ ላይ ባለ አንድ ግድብ (ስሙን ተዉት) የተቀጠረ ሰው ነበር። ሥራው የአየር ቦምቦላ ታጥቆ ሃያ ሜትር መውረድና የውሃ መግቢያው ፍርግርግ ላይ የተጠመጠመውን አረም መንቀል ነው። ሶደሬ ገንዳ አፍንጫውን ይዞ የዘለለ ሁሉ ዋናተኛ ነኝ በሚልበት አገር፣ እሱ የሚፎክረው በፍርሃቱ ነበር። "ትንፋሽህን ይዘህ ከወጣህ አየሩ ሳንባህን ይቀደዋል፤ ከአረፋህ ቀድመህ አትውጣ" ይላል፣ ሳንጠይቀው።

ታች ጨለማ ስለሆነ ንግግሩ በገመድ ነው። ገመዱን ስምንት ዓመት የያዘለት ጎበና ነው። አንድ ጊዜ ከሳበ "ደህና ነህ?" ማለቱ ነው። አራት ጊዜ ከሳበ ግን "የውሃው በር ሊከፈት ነው፣ ውጣ!" በሩ ከተከፈተ ውሃው ሰውን ከፍርግርጉ ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል።

በ1972 ዓ.ም. ጓድ ንዋይ የሚባሉ ካድሬ ሊያነቁን መጡ። እስከዚያ ተኝተን እንደነበር አናውቅም። ሠራተኛው ግድቡ ላይ ተሰለፈ፤ ግራ እጅ እየተነሳ መፈክር ማሰማት ተጀመረ። ኃይለየሱስ ከወረደ ቆይቷል። ጎበና ግራኝ ስለሆነ ገመዱን ግራ እጁ ላይ ጠምጥሞታል፤ ስለዚህ ቀኙን አነሳ።

"ግራ እጅህን!" አሉ ካድሬው።

"ጌታዬ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ እኮ ሰው አለ።"

"ጌታዬ መባባል ቀርቷል! ሰውዬውም እዚያው ሆኖ ያንሳ!"

ካድሬውን አጅበው የመጡት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወደ ጎበና ዞር አሉ። ጎበና ግራውን አነሳ። አራት መፈክር፣ አራት ጉተታ።

ታች ያለው ሰው በሩ ሊከፈት ነው ብሎ አመነ። ሌላው ቢሆን ተስፈንጥሮ ወጥቶ ሳንባው ይቀደድ ነበር። እሱ ግን ነፍሱ በፍርሃት ልትወጣ እየደረሰች፣ ሳያቋርጥ እየተነፈሰ፣ ከትንንሾቹ አረፋዎች ኋላ ኋላ ወጣ። ሦስት ሜትር ሲቀረው፣ ደሙ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ እንዲወጣ ቆመ። አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ውሃው አሁን መልሶ ይስበኛል እያለ ጠበቀ።

"የትኛው በር ነው?" አለ ብቅ ሲል። ጎበና አለቀሰ። ካድሬው ግን ሰዓታቸውን አይተው "ጓድ፣ ዘግይተሃል" አሉት።

በሳምንቱ ጎበና ቀኝ እጁን በማንሳቱ ወደ ጥበቃ ተዛወረ። በምትኩ ንቃቱ ከፍተኛ የሆነ፣ በመፈክር ድምፁ የተመሰገነ ገመድ ያዥ ተመደበ። ኃይለየሱስ አዲሱን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ቀይ ባሕርን ሲጠልቅ የኖረው ሰው በዚያው ቀን ማመልከቻ ጻፈ፦ "አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ዋና ስለማልችል ወደ ሌላ የሥራ መደብ እንድዛወር አመለክታለሁ።"