ወደ ምዕራብ የሄደችው ነጥብ

ባለቤቴን ያገኘሁት መተማ ዮሐንስ ነው። እኔ ከጎንደር ወርጄ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ እሱ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ኃላፊ ነበር። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበረ፣ መንግሥት ሲለወጥ ቆላ ወርዶ ሳሉግ ከሚባሉት የቀን ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ እንዳጨደ ነግሮኛል። በወታደርነቱ ምን ይሠራ እንደነበር ስጠይቀው «ራዳር ክፍል ነበርኩ» ይልና ወሬ ይቀይራል። እኔም አልገፋሁትም። መተማ ሰው ስላለፈው የሚጠየቅበት አገር አይደለም። ግማሹ ከሆነ ነገር ሸሽቶ የመጣ ነው፤ ግማሹ ወደ ማዶ፣ ወደ ሱዳን፣ ለመሻገር ቀን የሚጠብቅ።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ጎንደር ላይ የተሻለ ሥራ ሲሰጡት እምቢ አለ። ሙቀቱ ያደክመዋል፣ ወባው ክረምት በመጣ ቁጥር ይጥለዋል፤ ከድንበሩ ግን አይርቅም። እሑድ እሑድ በእግሩ ገላባት ይሻገርና ከሱዳን ሾፌሮች ጋር ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ምን እንደሚያወራ ስጠይቀው አረብኛ እየለመድኩ ነው ይለኛል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ አንድ ነጋዴ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት አመጣልኝ። ውስጡ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ነበር። ሠርቼ ስጨርስ ሰውየው ደስ ብሎት ጨዋታውን በኔም ማሽን ላይ ጫነልኝ። ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ አየውና ፈገግ ብሎ አለፈ። ማብረር አልሳበውም። ነጋዴው ግን ወሬ ይወዳል፤ ከዚህ ጨዋታ ጋር የሚያያዝ ሌላ ዲስክ ካርቱም ውስጥ አይቻለሁ አለ፤ በዚያኛው አውሮፕላኑን አታበሩትም፣ የአየር ማረፊያ ማማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው በራዳር እያያችሁ ትመሩታላችሁ አለን። ባለቤቴ እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ራዳሩ እንዴት ነው የሚታየው?» አለ።

«ተማም ነው፣ ልክ እንደ እውነቱ» አለ ነጋዴው።

ከወር በኋላ ዲስኩ መጣ። ስከፍተው ጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ክብ ወጣ። አንድ መስመር ከመሀል ተነሥቶ እንደ ሰዓት ጠቋሚ ይዞራል፤ መስመሩ ባለፈበት ሁሉ ትንንሽ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ አውሮፕላን ናት። አጠገቧ መጠሪያዋ፣ ከፍታዋና ፍጥነቷ ተጽፏል። ከድምፅ ማጉያው የአብራሪዎች ድምፅ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ አቅጣጫ ይጠይቃሉ። መልሱ የሚሰጠው ከዝርዝር እየተመረጠ ነው እንጂ ማሽኑ የሰው ድምፅ አይሰማም። ባለቤቴ ግን ይመርጥና መልሱን በአፉም ይናገረዋል። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የወጣት ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ይመጣል፤ ይስቃል፤ ያስረዳኛል። የባጃጅ ሾፌሮች በር ላይ ቆመው ያዩታል። አንዱ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ሁለት ነጥቦች ሲቀራረቡ አይቶ «ኧረ ሊጋጩ ነው ጋሼ» ሲል ባለቤቴ አንዷን ከፍ፣ አንዷን ዝቅ አድርጎ ሲያሳልፋቸው ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ። እንዲህ ተጫዋች ሰው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ደስታው ክረምቱን አልተሻገረም። ቀስ በቀስ ሰው ሲኖር መጫወት ተወ። ዲስኩ የራስን ማረፊያና የራስን በረራ ለመሥራት ይፈቅዳል፤ እሱም ቀናት ተቀምጦ አንድ ማረፊያ ሠራ። የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፤ ደጋ ላይ ያለ መሆኑ ግን ከከፍታው ይታያል። ከዚያ ሌሎቹን አውሮፕላኖች በሙሉ አጠፋቸው። ክቡ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የማየው ያንኑ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው፣ ይመጣና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ነጥቧ ከማረፊያው ትነሣለች፤ ጥቂት ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ትዞራለች። ከፍታዋ እየወረደ፣ እየወረደ ይመጣል። መስመሩ ሲያልፍ ትደበዝዛለች፤ ደግሞ ሲያልፍ የለችም። እሱ ግን አይነሣም። መስመሩ ባዶውን ክብ ሲዞር እያየ ይቀመጣል፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴው ብርሃን መጣ ሄደ ይላል። የሚጻፍ ማመልከቻ ይዞ የሚገባ ደንበኛ ያየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንደገባ ሁሉ።

አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ሰማሁት። እንግሊዝኛውን ትቶታል። «ይሰማሃል?» ይላል ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ። ይሰማሃል?» ያን ቀን ሐቡቡ፣ ያ ቀይ የአቧራ አውሎ ነፋስ፣ ከማዶ ተነሥቶ ከተማውን እያጨለመው ነበር። መብራት ሄደ፤ ማሽኑ ጠፋ። እሱ ግን ማዳመጫውን አላወለቀም።

በሩን ዘጋሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ማን ነው?» አልኩት።

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ነገረኝ።

ጓደኛው ነው፤ አብራሪ ነበር። አብረው ሠልጥነው፣ አብረው አንድ ክፍል ተኝተው ኖረዋል። በጦርነቱ መጨረሻ ቀናት ጓደኛው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ባዶዋን ወደ ደቡብ እንዲያደርስ ታዘዘ። ተነሣ። ጥቂት እንደሄደ ወደ ምዕራብ ዞረ። ባለቤቴ ራዳሩ ላይ ነበር፤ የት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው፤ ያን ሰሞን ብዙዎች ወደ ጎረቤት አገር ይሸሹ ነበር። በሬዲዮ ጠራው፤ ተመለስ አለው። ጓደኛው የመለሰለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለእናቴ እንዳትነግራት። ስደርስ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ከፍታውን ቀነሰ። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ራዳር አያየውም፤ ነጥቡ ይጠፋል። ወድቆም ቢሆን ይጠፋል። ሁለቱ ከክቡ ላይ አንድ ናቸው አለኝ። በማግስቱ ሠራዊቱ ሁሉ ተበተነ። የሸሹት አብራሪዎች ስም በኋላ በሬዲዮም በሰው አፍም ተሰማ፤ የጓደኛው ስም ግን አልተሰማም። እናቱ ልጅዎ ግንባር ላይ ወደቀ ተብለው መርዶ ተረድተው፣ ተዝካሩን አውጥተው፣ መንነው ቆብ ጫኑ። ባለቤቴ ያን ሰምቶ ወደ እሳቸው አልሄደም። ነጥቡ ወደጠፋበት አቅጣጫ ወረደ፤ ሲወርድ ሲወርድ መተማ ደረሰ። በእሑድ እሑድ ሻዩ የሱዳን ሾፌሮችን የሚጠይቀው ይህንኑ ኖሯል፦ በበረሃው የወደቀ አውሮፕላን አይታችኋል ወይ ብሎ።

«ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ራሴ እነግራታለሁ ብሎኛል። አልደረሰም እንዳልል አላውቅም። ደርሷል እንዳልል አልነገራትም።»

እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አጨዳው አልቆ መጋዘኑ ፋታ ሲያገኝ ጎንደር ወጣን። የጓደኛው እናት፣ አሁን እማሆይ፣ አንድ ደብር አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ይኖሩ ነበር። ባለቤቴን ወዲያው አወቁት፤ ጉንጩን ይዘው ደጋግመው ሳሙት፤ የልጃቸውን ጓደኛ ስላዩ አለቀሱ። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ የሬዲዮውን ቃል፣ ሱቄ ውስጥ የሚያየውን ራዳር ሳይቀር።

ይጮኻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኹም። መቁጠሪያቸውን አነሡና ጥቂት ፍሬ ቆጠሩ። በኋላ «ለሞተ የሚጸለየውን ስጸልይለት ኖሬያለሁ» አሉ። «ለሚኖር የሚጸለየው ሌላ ነው፣ ልጄ። የትኛውን ልበል?»

ስንወጣ ራዳሩን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩን። ከማሽን ውስጥ ያለ ጨዋታ ነው፣ እውነተኛው አይደለም ብለን ብናስረዳቸውም አልተዉም። በሳምንቱ ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በአውቶቡስ ወረዱ። ያን ሙቀት በቢጫ ቀሚሳቸውና በቆባቸው እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። ሱቁን ዘጋሁት፤ ማሽኑ ፊት ወንበር ሰጠናቸው። ባለቤቴ ከፈተው።

ነጥቧ ተነሣች። «ይቺ ናት?» አሉ እማሆይ።

«እሷ ናት።»

ወደ ምዕራብ ስትዞር ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያነሰ መሄዱ ገባቸው መሰለኝ። ነጥቧ ደበዘዘች። ጠፋች። መስመሩ ባዶውን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ።

«አሁን የት ነው?» አሉ።

«ከዚህ ወዲያ አይታየኝም፣ እማሆይ።»

«ግን አልቆመም?»

ባለቤቴ ወደኔ አየ፤ ከዚያ ወደ ክቡ። «ማሽኑ ውስጥ አልቆመም። ይሄዳል። የማላየው እኔ ነኝ።»

እማሆይ ጣታቸውን ነጥቧ የጠፋችበት ቦታ ላይ አደረጉ፤ መስተዋቱ ላይ አማተቡ። በማግስቱ ገላባት ድረስ መሻገር ፈለጉ። ባለቤቴ ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። ሻይ ቤት ለሻይ ቤት የልጃቸውን ፎቶግራፍ እያሳዩ ዞሩ፤ ባለቤቴ በአረብኛ ይጠይቃል። ሰዎቹ ፎቶውን በአክብሮት በሁለት እጃቸው ተቀብለው እያዩ ይመልሱላቸዋል። ያወቀ የለም። ማታ እግራቸውን ሳጥባቸው ልባቸው ቆርጦ ነበር፤ ሁለቱንም ጸሎት እጸልያለሁ፣ አንዱ ቢበዛበት እግዜር ይቅር ይለኛል አሉኝ።

እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ባለቤቴ ዲስኩን አልከፈተውም። እኔም ፋታ አገኘን ብዬ ነበር። ግን ገላባት መሄዱን አልተወም፤ እንዲያውም አበዛው። ለምን ስለው «ብቻዬን ነበር የምጠብቀው» አለኝ፤ «አሁን ሁለት ሆንን።» እማሆይ በየበዓሉ ስልክ ያስደውላሉ። ከሰላምታ በኋላ ዝም ይላሉ፤ እሱም ዝም ይላል። ያ ዝምታ ጥያቄና መልስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልኩ ሲጠራ ከክፍሉ እወጣ ነበር።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። እማሆይ በጾም ወራት ዐረፉ። ለቀብር ወጣን። ዘመዶቻቸው ባለቤቴን በልጅ ቦታ አስቀመጡት፤ ለቀስተኛው እየመጣ እሱን አጽናና። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጽናኑት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ከደጋው ቁልቁል እየወረደ፣ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ጆሮዬ አጠገብ ተናገረ።

«አሁን ቢመጣ፣ ደረስኩ ብሎ የሚነግረው ሰው የለም።»

እኛ አለን አልኩት። እጄን ያዘ። ገንዳ ውኃ ከተማ እስክንደርስ አለቀቀኝም፤ ግን አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞረም። ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ በሚሄድበት ላይ ነበር።